ያረጀ ማርቸዲስ ሲንኳኳ፦ ድምፁን በሐረጎ መንገድ መለየት

«የሆነ ነገር ይንኳኳል» ተብሎ ጋራዥ የገባ መኪና ብዙ ጊዜ ሾክ አብዞርበር ይቀየርለታል፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ይቀየርለታል፣ ከዚያም እየተንኳኳ ይወጣል። የድምፁ ዓይነት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የላላ የማርሚታ ማንጠልጠያና ያለቀ የእግር ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ላስቲክ) ለጆሮ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የሚመጡበት ጊዜ ነው፦ ነዳጅ ሲሰጥ ወይስ ሲለቀቅ፣ ሲታጠፍ ወይስ ቀጥ ሲል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ወይስ ከሞቀ በኋላ።

ለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ጥሩ መፈተሻ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጠዋት ብርድ፣ ኮብልስቶን፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ታች ደግሞ ሙቀት ይገኛል። ከታች ያለው በዋናነት ለማርቸዲስ 124፣ ማለትም ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለተመረተው ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ ለሚነዳ ሌላ የቅንጦት መኪናም አብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ መኪናውን ባዶ አድርጉ። ክሪኩን፣ ተቀያሪ ጎማውን፣ ከወንበር ሥር የገባውን ጠርሙስ፣ በበር ኪስ ያለውን ሳንቲም ሁሉ አውጡ። «የኋላ እግር ነው» የተባለ ድምፅ ያልታሰረ ክሪክ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

ዘይቱን ለክታችሁ ኮፈኑን ክፈቱና ሌላ ሰው ያስነሳው። ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ የታይሚንግ ካቴናው መወጠሪያ ዘይት እስኪሞላው ነው። ከዚያ ካለፈ መወጠሪያውንና የካቴናውን መሪ ፕላስቲኮች አስፈትሹ። ጢቅ ጢቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ዘይት ያልደረሳቸው የቫልቭ ታፔቶች ናቸው። ሁለተኛው በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጋስኬት በኩል የሚሾልክ ጋዝ ሲሆን ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ይጠፋል። ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ያዙ፣ ጫፉን ቫልቭ ሽፋኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አድርጉ። ለሚሾልክ ጋዝ ግን 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የነዳጅ ጎማ ቱቦ ይሻላል፤ አንዱን ጫፍ ጆሮ አጠገብ ይዛችሁ በሌላው መጋጠሚያውን ዳብሱ። ነጠላና ሻርፕ ከመጀመሩ በፊት ይውለቅ። ቺንጋውና ማራገቢያው ይቅርታ አያውቁም።

ቺንጋው ሲጢጥ ካለ በሚዞረው ጎን ላይ ትንሽ ውኃ እርጩ። ድምፁ ወዲያው ጠፍቶ ከተመለሰ ቺንጋው ደርቋል ወይም ፑሊዎቹ በአንድ መስመር አይደሉም። ከባሰበት ላልቷል፣ መወጠሪያው ደክሟል። ካልለየላችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ቺንጋውን አውጡ፣ ከአንድ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ አስነሱ። የውኃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ ስለሚዞር ከዚያ በላይ አታቆዩት። ድምፁ ከጠፋ ዲናሞውን፣ የውኃ ፓምፑንና የመወጠሪያውን ፑሊ አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ። የሚሻክረው ኩሽኔታው ያለቀበት ነው።

ኮብልስቶን ላይ

ሰፈር ውስጥ፣ በሰዓት 15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር፣ መስኮት ከፍታችሁ ግንብ አጥር አጠገብ ንዱ። ግንቡ ድምፁን ይመልሰዋል፤ በየትኛው ጎን እንደሆነ ያኔ ይለያል። ከፊት ቋ ቋ የሚል ከሆነ ቆማችሁ ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰው መሪውን ሩብ ዙር ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ደግሞ እጁን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፍ። ቴስቲናውም ሆነ የታችኛው ቦል ጆይንት ላልቶ ከሆነ ለእጅ ምት ሆኖ ይሰማል። በዚህ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከመሪው ሳጥን ማዶ ያለው የመሪ ክንድ ነው፤ ውስጡ ያለው ቡሽ ሲያልቅ መሪው ይዋልላል፣ መካኒኩ ግን የመሪ ሳጥን ካልቀየርን ይላል። ቡሹ ብቻውን ይቀየራል፣ ከሳጥኑም በብዙ ይረክሳል።

ሲታጠፍ ጠቅ ጠቅ ካለ «የፊት ጆይንት ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ የፊት ጎማው በሞተር አይነዳምና እዚያ የሚነዳ ሻፍት የለም። የሾክ አብዞርበሩን የላይ ላስቲክና የስታቢላይዘሩን ጎሚኒዎች እዩ።

ጎሚኒ ስትቀይሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብሎኑን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በወራት ውስጥም ይቀደዳል። ዳዶው የመጨረሻውን የሚጠብቀው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነው። ያገለገለ ጎሚኒ ደግሞ በነፃም ቢሰጣችሁ አትግጠሙ።

ሐረጎን ሲወርዱ

የማርሽ ዘንጉን ወደ 3 ወይም 2 አውርዱ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፓዱን ያቃጥለዋል፤ ፊቱ መስታወት መስሎ ይደርቅና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያፏጫል። 2 ሚሊ ሜትር የቀረው ፓድ ይቀየር። ፍሬን ሳይያዝ ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ በድንገት ከመጣ፣ በተለይ ከኮረኮንች ከወጣችሁ በኋላ፣ ከዲስኩና ከኋላው ካለው ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቷል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዱ፣ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። እምቢ ካለ ዲስኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ትንሽ ገፋ አድርጉት።

ኩርባው የጎማ ኩሽኔታን ያጋልጣል። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ጉርምርምታው ያኔ ከጨመረ የቀኙ ነው። ነገር ግን ተበጣጥሶ የተበላ ጎማም እንደዚያው ያጉረመርማል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያይሩ፤ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው። የ124 የፊት ኩሽኔታ በዳዶ የሚስተካከል ነው፣ ልቅነቱም 0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመለኪያ ሰዓት (ዳያል ጌጅ) ካልሆነ በስሜት አይጠበቅም። ከመጠን በላይ ካጠበቁት ይግላል፣ ይነክሳል።

ቁልቁለትና ዳገት የዲፈረንሻልን ነገርም ይለያሉ። ነዳጅ ተሰጥቶ ሲወጣ ብቻ ወይም ተለቆ ሲወርድ ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ የጥርሶቹ ንክሻ ነው። የነዳጅ እግር ሲነሣ የማይለወጥ ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ዘይቱን ለማየት 14 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ያስፈልጋል። መሙያውን ሳትከፍቱ ማፍሰሻውን አትንኩ፤ መሙያው ከዛገ መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራል።

ማርሽ ከፒ (ማቆሚያ) ወደ አር (ወደ ኋላ) ሲገባ ከሥር ጓ የሚል፣ ስትነሡም ወለሉን የሚያርገበግብ ከሆነ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ሻፍት ተመልከቱ። በሁለቱም ጫፍ ክብ የላስቲክ መጋጠሚያ አለው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በላስቲክ የተያዘ ኩሽኔታ። ላስቲኩ በብሎኖቹ መካከል ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሻፍቱ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያዎቹ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ዞሮ ከተገጠመ ሚዛኑ ይጠፋል፤ ያልነበረ ንዝረት ይመጣል። ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ መሐል ያለው ትልቁ ዳዶ ግን መጨረሻ ላይ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ይጥበቅ።

ሐረጎን ሲወጡ

ዳገት ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ከፊት ነፋስ መሳይ ጉርታ መምጣቱ ችግር አይደለም፤ ማራገቢያው ሥራውን እየሠራ ነው። ጠዋት ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ካጓራ ግን ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ተነክሷል። ከፍ ባለ ማርሽ ሞተሩን አስጨንቃችሁ ስትወጡ እንደ ብስኩት የሚሰባበር ድምፅ ከሰማችሁ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ነው። ከኮምቦልቻ ስትነሡ አየሩ ወፍራምና ሞቃት ስለሆነ ይብሳል፣ ደሴ ስትቃረቡ ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሱ፣ ከዚያ ካንዴላውንና የማቀጣጠያውን ጊዜ አስፈትሹ።

አንድ ድምፅ ግን ወዲያው መንዳት ያስቆማል፦ ከታች የሚመጣ፣ ሞተሩ ሲሞቅና ሲጫን የሚጎላ ከባድ ምት። የዘይት ግፊት መለኪያውን እዩ። ሞቆ በዝግታ ሲሠራ መርፌው ከ3 ባር መውረዱ ያለ ነው፣ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ወዲያው ወደ 3 መመለስ አለበት። እየተንቀረፈፈ ከወጣ ወይም ካልወጣ የቢየላ ብሮንዚና (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) እየተበላ ሊሆን ይችላልና ሞተሩን አጥፉ። ሐረጎ ላይ ከሆናችሁ በገመድ አታስጎትቱ። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል አብሮ ይጠፋል፣ በቁልቁለቱ ከፊት ያለውን መኪና ትገጫላችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮውም የኋላ ጎማው መሬት ላይ እየተንከባለለ ረጅም መንገድ ሲጎተት ዘይት ስለማያገኝ ይቃጠላል። ሙሉ በሙሉ የሚጭን መኪና ጥሩ።