የተጣለ የፊልም ማሽን ጠግኖ ቤት ውስጥ ሲኒማ እንዴት እንደሚከፈት

መጀመሪያ እንግባባ። የፈለጋችሁት ፊልም ማየት ብቻ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዉት። ትንሽዬ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር ግዙ፣ ፍላሽ ሰኩበት፣ አለቀ። ይህ የተጻፈው ፊልሙ የተጠቀለለበት ሪል ሲዞር ማየትና ያንን የማሽን ድምፅ መስማት ለሚወድ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሁኑ ባሕር ዳር፣ አሮጌ ማሽን ከብረታ ብረት ነጋዴ ግቢ ወይም ከአንድ ግምጃ ቤት ጥግ ካገኛችሁ ሥራው እንዲህ ነው።

1. መግዛት

16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያጫውተውን ፈልጉ። 35 ሚሊ ሜትሩን ለሲኒማ ቤት ተዉለት። ከባድ ነው፤ የዜኖን አምፖሉ ውስጥ ደግሞ በኃይል የታመቀ ጋዝ ስላለ ከፈነዳ ዓይን ያጠፋል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩ ብዙ የ35 ፊልሞች ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ዓይነት ናቸው። እሱ አንዴ ከተያያዘ ውሃም አያጠፋውም። 16ቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1923 ሲወጣ ጀምሮ ለቤትና ለትምህርት ቤት ታስቦ በቀላሉ በማይቀጣጠል ፊልም ነው የተሠራው።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣ ዕቃ ከሆነ በጨረታና በደረሰኝ ብቻ ግዙ። "ዘበኛው ያወጣልሃል" የሚል ወሬ ውስጥ አትግቡ።

አምፖል ባይኖረው ግድ የለም። ሌንስ፣ የሪል ክንዶችና በእጅ ሲዞር የሚንቀሳቀስ ሆድ ይኑረው። ከአዲስ አበባ፣ ከምናለሽ ተራ የምታመጡት ከሆነ ሌንሱንና አምፖሉን ነቅላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ያልጠበቀ ብሎን አያስተርፍም።

2. መብራት ከመሰካታችሁ በፊት

ከጀርባው ያለችውን ጽሑፍ አንብቡ። 220 ወይም 240 ካለ ጥሩ። 110 ወይም 120 ካለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲዞር በአንድ ስድስተኛ ይዘገያል፣ በሴኮንድ 24 ምስል ማሳለፍ የነበረበት ወደ 20 ይወርዳል፣ የሴቲቱ ድምፅ የጎረምሳ ይሆናል። ብዙ ማሽኖች ውስጥ ቺንጋው የሚያርፍበት መዘውር ሁለት መጠን አለው፤ ቺንጋውን ወደ 50ው ማዛወር ብቻ ይበቃል። አንድ መጠን ብቻ ካለው ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ለሞተሩ ሰፋ ያለ መዘውር አስጠርቡ።

ገመዱ ከተሰነጣጠቀ ሙሉውን ቀይሩት፣ በፕላስተር አትጠቅልሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ ከማሽኑ ጋር በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲገባ አድርጋችሁ፣ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል አስገቡ፤ የማሽኑ የራሱ አምፖል ግን ጠፍቶ ይቆይ። የውጪው አምፖል ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ንቀሉ። ደብዘዝ ካለ ሞተሩ ብቻ ነው የሚስበው። የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

3. ማጽዳት

የቆየ ግሪስ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ማሽኑ አልዞር ካለ በፒንሳ አትታገሉት፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ከዕድሜ ብዛት ተሰባሪ ስለሆነ አንዴ ከተሰነጠቀ ማሽኑ ለጌጥ ብቻ ነው የሚሆነው። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅና ብሩሽ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አሟሙት፣ አድርቁ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ጠብታ አድርጉበት። ቺንጋውና ፊልሙ የሚያልፍበት ቦታ ዘይት አይንካቸው። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ አልኮል።

4. ፊልም ማስገባት

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ፊልሙ ከላይኛው ሪል ወርዶ በጥርሳም መዘውር ላይ ያልፋል። ይህ መዘውር ሳያቋርጥ ይዞራል። ከሥሩ ምስሉ የሚበራበት ጠባብ መስኮት አለ። እዚያ ግን ፊልሙ አይፈስም፤ አንዲት ጥፍር ቀዳዳውን ይዛ አንድ ምስል ትስባለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ትስባለች፣ በሴኮንድ 24 ጊዜ። አንዱ ያለማቋረጥ የሚገፋ፣ ሌላው እየቆመ የሚስብ ከሆነ መሀል ላይ ያለው ፊልም ላላ ብሎ መጉበጥ አለበት። ያንን የላላ ጉብታ ሉፕ ይሉታል። አንዱ ከመስኮቱ በላይ ነው፣ ሌላው ከመስኮቱ በታች።

ላይኛው ሉፕ ካነሰ ጥፍሯ ቀዳዳዎቹን ትቀዳለች። ከበዛ ፊልሙ ክዳኑን ይመታል፣ ይፋቃል። ብዙ ማሽን ላይ የሉፑን ልክ የሚያሳይ መስመር ወይም ነጥብ ተስሏል፤ አቧራውን ጥረጉትና ፈልጉት።

የታችኛው ሉፕ ሌላ ጣጣ አለው። 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ ከምስሉ ጎን አይደለም የታተመው፣ 26 ምስል ቀድሞ ነው፤ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ምክንያቱም ድምፅ የሚነበበው ፊልሙ ሳይንቀጠቀጥ በሚያልፍበት ከበሮ ላይ ነው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ፊልሙ እየቆመ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የታችኛውን ሉፕ ካረዘማችሁት ድምፁ ከከንፈሩ ይዘገያል፣ ካሳጠራችሁት ይቀድማል። አንድ ሁለት ምስል ማንም አያውቅባችሁም። አራት አምስት ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ይስቃል። ከበሮው ላይ ፊልሙ ጥብቅ ብሎ ይረፍ፤ ከላላ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

አስገብታችሁ ስትጨርሱ መብራት አታብሩ። በጎን ያለችውን መዞሪያ በእጅ እየጠመዘዛችሁ ጥቂት ዙር ውሰዱት። ሁለቱም ሉፖች ሳያጥሩ ሳይረዝሙ ከቀሩ ሞተሩን፣ ቀጥሎ አምፖሉን። ልምምዱን በማይረባ ቁራጭ ፊልም አድርጉት። የማውቀው አንድ ሰው ከዘመድ ሠርግ የተረፈውን ብቸኛ ፊልም ለሙከራ አስገብቶ ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳውን ቀዶታል፤ የሙሽራው ቤተሰብ እስካሁን ያነሱበታል።

በራሱ ፊልም የሚስብ ማሽን አለ። እኔ አልወደውም። የፊልሙ ጫፍ ትንሽ ከተጣመመ ሆዱ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን ያጣጥፈዋል፣ ለማውጣትም ግማሹን ማሽን መፍታት ነው። በእጅ የሚገባው ይሻላል።

ስታዩ ምስሉ ከዘለለና ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሉፑ ጠፍቷል። ወዲያው አቁሙ።

5. ክፍሉ

የምስሉን ስፋት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከማሽኑ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና በ9.6 አባዙ፣ ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊ ሜትር አካፍሉ። በ50 ሌንስ ከ6 ሜትር ላይ 1.15 ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ትንሽ ነው። በ25 ሌንስ ከ4 ሜትር ላይ 1.5 ሜትር ያልፋል፣ ለሳሎን ይበቃል።

ምስሉ የሚያርፍበት አቡጀዲ መወጠር ይቻላል፣ ግን ብርሃኑ ያልፍበታል፤ ድርብ አድርጉት። የጭቃ ግድግዳ ካላችሁ ጀሶ አስለስሉትና ነጭ የውሃ ቀለም ቀቡት። የዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፣ አይሆንም። ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ስታደርጉበት ምስሉ የደመቀ ይመስላል።

ማሽኑ ይጮሃል። ጓዳ ውስጥ አስቀምጡትና ሳሎኑን በበሩ ወይም በመስኮት በኩል ያብራ። ስፒከሩን ግን ከማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ከአቡጀዲው ሥር።

6. ድምፅ ካልወጣ

አምፕሊፋየሩን ከመፍታታችሁ በፊት የድምፅ አንባቢዋን ትንሽ አምፖል እዩ። ከዋናው አምፖል የተለየች ናት፣ ብዙውን ጊዜ 4 ቮልት። እየበራች ከሆነ ቀጭን ካርቶን በብርሃኗ ፊት ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ ስፒከሩ ቡፍ ቡፍ ካለ ማሽኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ፊልሙ ጋ ነው። ክረምት ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅ ያለው ፊልም ለማሳየት አትልፉ። የጎጃም ዝናብ ያሸንፋችኋል።

7. ፊልሙ

ቆርቆሮውን ስትከፍቱ አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ፊልሙ እየበሰበሰ ነው። ጋዙ ሌላውንም ስለሚያጠቃ ለብቻው አስቀምጡት። አሮጌ ፊልም ደግሞ ይኮማተራል። ከጤነኛ ፊልም ጎን አጋድሙትና 100 ቀዳዳ ቁጠሩ፤ በአንድ ሙሉ ቀዳዳ ካጠረ አታጫውቱት፣ ጥፍሯ ትበጣጥሰዋለች። የተረፈውን ከጣሪያ ሥርም ከመሬትም አርቃችሁ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ አኑሩ።

8. ማጫወት

ሃሎጅን አምፖሉን በባዶ ጣት አትንኩት፣ የእጅ ወዝ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። አምፖሉ እየበራ ፊልሙ ከቆመ በዓይናችሁ እያያችሁ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ማሽኑን ትታችሁ ቡና አትቅዱ። ሲያልቅ አምፖሉን አጥፉና ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ ይዙር። መብራት ከሄደ ማብሪያውን ወዲያው ወደ ዜሮ መልሱት። ሲመጣ የመጀመሪያው ግፊት አምፖሉን ይዞት ይሄዳል፤ የቤቱ መብራት እስኪረጋጋ ጠብቁ፣ ሉፖቹን እንደገና እዩ፣ ከዚያ በእጅ አዙራችሁ ጀምሩ።