ባህር ዛፍ የተቆረጠበት መሬት፦ ችግርና መፍትሄ

የካቲት ሲጋመስ ስልኬ አያርፍም። ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከመናገሻ፣ ከሰበታ ይደወላል። ሁሉም በልጉ ሳይገባ መሬቱን ማጽዳት ይፈልጋል። የሚያሳስበው ነገርም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ባህር ዛፉን አስቆርጬው ነበር፣ ተመልሶ በቀለ።» ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ስለ ጉቶ ነው። ሌላውን እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ። መጥረቢያ መሳል፣ ቦት ጫማ ማድረግ፣ ድንበሩን ከጎረቤት ጋር ቆሞ መለየት፣ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

ምልክት፦ ከተቆረጠው ጉቶ ዙሪያ አመድማ ቅጠል ይወጣል

መጀመሪያ የበቀለው ምን እንደሆነ ለዩ። አንዱን ቀንበጥ ያዙና ወደ ላይ ሳቡት። ከነቀጭን ሥሩ ከወጣ ከዘር የበቀለ ነው። በእጅ ነቅላችሁ ጣሉት፣ አለቀ። አልነቃነቅም ካለ ወይም ከአንድ ቦታ አምስት ስድስት ሆኖ ከወጣ ግን ከሥሩ ጉቶ አለ።

የነጭ ባህር ዛፍ ለጋ ቀንበጥ ትልቁን ዛፍ አይመስልም። ግንዱን በጣታችሁ ብታሽከረክሩት አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ሆኖ ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይወጣል። ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ ጠረግ ስታደርጉት ለቆ አረንጓዴው ይታያል። ብዙ ሰው ረዥሙንና ማጭድ የሚመስለውን ቅጠል ስለሚጠብቅ ይሄን ሌላ አረም ነው ብሎ ያልፈዋል። በዓመቱ ቁመቱ ከራሱ በልጦ ያገኘዋል።

ምክንያት፦ ባህር ዛፍ ስለተቆረጠ አይሞትም። ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበት አንገቱ ላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር፣ የተኙ እምቡጦች አሉ። ግንዱ ሲሄድ እነሱ ይነቃሉ። ሥሩም ያጠራቀመውን ምግብ ይልክላቸዋል። ገበሬው ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አንዴ ተክሎ በየጥቂት ዓመቱ አጣናና ቋሚ የሚቆርጠው ለዚህ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገር የገባው ይሄ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳናትም በዚሁ ጠባዩ ነው። መሬቱን ለሌላ ነገር ለሚፈልግ ሰው ግን ይኸው ጠባይ ፈተና ነው።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው፦ መወገድ ያለበት አንገቱ ነው። አንገቱ ከነቅርፊቱ ከወጣ፣ ተቆርጠው አፈር ውስጥ የቀሩት የጎን ሥሮች ቀስ በቀስ ይበሰብሳሉ። አንገቱ ከቀረ ግን ሥሩን ሁሉ ብትለቅሙ ዋጋ የለውም።

አሁን ስላየሁት ጉድ ልንገራችሁ። አንድ የሱሉልታ ሰውዬ ምንጣሮውን በኮንትራት ሰጠ። ሠራተኞቹ ጉቶውን ከመሬት እኩል አድርገው ላጩት፣ አፈር መለሱበት፣ ላዩንም በመጥረጊያ ጠረጉት። መሬቱ ድግስ የሚጠብቅ ግቢ መሰለ። ሰውዬው ብሩን ከፈለ፣ ምርቃትም ጨመረ። ሐምሌ ላይ ቀንበጡ በመስመር በመስመር ብቅ አለ፤ የትኛው ጉቶ የት እንደነበር መቁጠር ይቻል ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ ስልካቸው «ጥሪ አይቀበልም»። ከዚህ የምትማሩት፦ በጉቶ ቁጥር ዋጋ ቁረጡ፣ የወጣውን ጉቶ አንድ ቦታ አስከምሩ፣ ቆጥራችሁ ክፈሉ። ያልታየ ጉቶ አይከፈልበትም። ጉቶው በማገዶነት ስለሚሸጥ እሱን ለነቃዮቹ ልቀቁላቸው፤ ዋጋ ይቀንሱላችኋል።

ሌላው የጋራዥ ሰው ነበር። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን እያመጣ ጉቶው ላይ ሲያፈስ ከረመ። ጉቶው አቆጠቆጠ። በዙሪያው ግን ሰርዶ እንኳን አልበቀለም፣ ያውም ሰርዶ! አፈሩ እስከ አንድ ክንድ ጥልቀት ጠቁሮ ይሸት ነበር፤ ቆፍረን አውጥተን ሌላ አፈር ሞላንበት። ናፍጣም እንደዚያው ነው። ጨውም እንደዚያው ነው። እባካችሁ፣ «አክስቴ ጨው አድርጋበት ደረቀ» የሚለውን ወሬ ተዉት። ጨው ከጉቶው በፊት የሚገድለው አፈሩን ነው፣ በዝናብም ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል።

ሦስተኛው ስካቫተር ነው። መሬቱ ሰፊ፣ ጉቶው ወፍራም ከሆነ ስካቫተር እኔም አስገባለሁ። ኦፕሬተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለመደው መሠረት መቆፈር ነው። የላዩን ጥቁር አፈር ከታች ይቀብርና ቀዩን ወይም ነጩን የታች አፈር ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ምንም አይበቅልላችሁም፤ ጥፋቱ ግን በችግኙ ይላከካል። ይባስ ብሎ የላዩን አፈር ለአትክልት ቦታ በመኪና ጭኖ የሚሸጥ ገጥሞኛል። ሥራው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትለዩ። ምሳ ሲበላ ብቻ ብሉ።

መፍትሄ፦ መንቀል። ዛፉን ስታስቆርጡ ከመሬት ጥግ አታስቆርጡት። እስከ ወገብ ድረስ ግንድ ይቅር፣ በኋላ ለመጎተቻ ይጠቅማችኋል። በየካቲት ድርቅ ቀይ አፈር ድንጋይ ነው፤ አንድ ሁለት ካፊያ ካራሰው በኋላ መቆፈር የሠራተኛውንም ወገብ የእናንተንም ኪስ ያተርፋል። ሲረጥብ በሚያጣብቀው ጥቁር አፈር፣ በዋልካ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከረጠበ አትግቡበት።

ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ዙሪያውን በዶማ ክፈቱ። የምታወጡትን ጥቁር አፈር በአንድ ጎን፣ የታችኛውን በሌላ ጎን ከምሩ፤ ሲመለስ በቅደም ተከተሉ ይመለሳል። የጎን ሥር ስታገኙ አፈሩን ከላዩና ከሥሩ ጠርጋችሁ ነው በመጥረቢያ የምትመቱት። ከአፈር ጋር የሚመታ መጥረቢያ እስከ ምሳ ሰዓት ዱልዱም ይሆናል። በአንድ ወገን ያሉት ሥሮች ሲያልቁ ከግንዱ ጫፍ ገመድ እሰሩና ወደ ሌላው ወገን ሳቡ። ሲዘነበል ወደ ታች የሚወርደው ሥር ይጋለጣል። እሱን ቁረጡ። ጉቶው ሲወጣ ገልብጣችሁ እዩት፦ አንገቱ ላይ እንደ እንቅርት ያበጠ፣ ጉብጉብ ያለ ነገር አለ። ሙሉውን ነው የምትፈልጉት። ከጎኑ ተገንጥሎ የቀረ ቁራጭ ካለ ጉድጓዱ ውስጥ ፈልጉት። ገመዱ ሲወጠር በመስመሩ ላይ ማንም አይቁም። የተበጠሰ ገመድ ዓይን ያጠፋል። ልጆችን ከቦታው አርቁ።

መንቀል አቅም ለሌለው፦ ቅርፊቱን ላጡት። አፈሩን በአንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከአንገቱ ዙሪያ አንሱ፣ ቅርፊቱን እስከ ነጩ እንጨት ድረስ ሙልጭ አድርጋችሁ ግፈፉ። ከአፈር በላይ ያለውን ብቻ መላጥ ልፋት ነው፣ ከታች ካለው ቅርፊት ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ስንዝር ሳይሞላ በየጊዜው ገንጥሉ። በገጀራ አትቁረጡት፤ ከመሠረቱ በእጅ ወይም በዶማ ጀርባ መትታችሁ ገንጥሉት። የተቆረጠው በሁለት ሆኖ ይመለሳል። ይሄ መንገድ ይሠራል፣ ግን ክረምት ከበጋ የሚመላለስ ሰው ይፈልጋል። ከተማ ተቀምጦ በዓመት አንዴ ለሽርሽር ለሚመጣ አይሆንም።

መድኃኒት የሚል አለ። ግላይፎሴት የሚባለው አረም ማጥፊያ ይሠራል፤ ግን ግንዱ እንደተቆረጠ ወዲያው፣ እንጨቱ እርጥብ እያለ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ጠርዝ ላይ በብሩሽ ሲቀባ ነው። በማግስቱ የተቀባ ባክኗል። በነፋስ አትርጩት። ምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ አጠገብ አትጠቀሙበት። ጓንት አድርጉ። ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ተቀድቶ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የለም። ከሁሉም በላይ የተረፈውን በውኃ ላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ይጠጣዋል። ይሄን ለማንም ሳልደግመው አላልፍም።

እሳትስ? አታቃጥሉ። ጉቶው ከላይ ይከስላል፣ ከአፈር በታች ያለው አንገት ደህና ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በየካቲት ነፋስ እሳቱ ከቁጥጥር ይወጣል። እንጦጦ ጀርባ የጎረቤት ጥድ ተቃጥሎ ሁለት ቤተሰብ ሲካሰስ አይቻለሁ።

ምልክት፦ ውኃ ስታፈሱ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይንከባለላል

ምክንያት፦ ለዓመታት የተከማቸው ቅጠልና ቅርፊት ቅባት አለው። የደረቀ አፈር ላይ ውኃ አላሳልፍም ይላል። መፍትሄ፦ የቅጠሉን ድርብርብ ጠርጋችሁ አውጡት፣ የላዩን አፈር ቆፍሩና የበሰበሰ ፍግ አስገቡበት። ትኩስ እበት አይደለም፣ የበሰበሰ። የመጀመሪያውን ዓመት ባቄላ ዝሩበት። ሰብሉ ብዙ አይሰጣችሁም፣ አፈሩን ግን ያነቃዋል።

ምልክት፦ ሐምሌ የተተከለው ችግኝ ጥቅምት ላይ ደረቀ

ነቅላችሁ እዩት። ከአሥሩ ስንቱ ከነላስቲኩ ተተክሎ እንደምታገኙ ትገረማላችሁ። ለዘመቻ ፎቶ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ይሄ ዕጣው ነው። ላስቲኩ ወጥቶም ከሆነ ሥሩ ታጥፎ ወደ ላይ ዞሮ እንደሆነ እዩ፤ ጉድጓዱ ጠብቦ በግድ ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ጉድጓዱን በበልግ ቆፍሩ፣ አፈሩ አየር ያግኝ፣ ክረምቱ ሲረጋ ትከሉ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ጫፉን ያጠቁረዋል፤ በሣር ጋርዱት።

ችግኝ ስትገዙ ደግሞ «ጥድ» ብላችሁ አትዝጉ። የፈረንጅ ጥድ ይሰጧችኋል። የሐበሻ ጥድ በሉ፣ ለጋ ቅጠሉን ዳብሱት፣ እሾህ እሾህ ይላል። ከወይራ፣ ከኮሶ፣ ከብሳና ጋር አደባልቁት። በመሬታችሁ ላይ ቀድሞ የበቀለ ጥድ ወይም ወይራ ካለ ቀበሌውን ሳትጠይቁ አትንኩት፤ ቢፈቀድላችሁም ተዉት።

ምልክት፦ ውኃ ተኝቶ ይከርማል፣ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል

በሰንዳፋ፣ በለገጣፎና በአቃቂ በኩል ዋልካ ነው፣ ኮቲቻ የሚሉት። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያጣብቃል። ቦይ አውጡለት፣ መደቡን ከፍ አድርጉ። አፈሩን ከምሮ ማቃጠሉን፣ ጓይ የሚባለውን፣ አልመክርም፤ አንድ ሁለት ዓመት ገብስ ይሰጥና ከዚያ ለብዙ ዓመት መሬቱን ያደክመዋል።

ምልክት፦ ውኃው ይሰርጋል፣ ግን ገብሱም ባቄላውም ይቀጭጫል

በመናገሻና በሆለታ በኩል ቀዩ አፈር አሲዳማ ነው። ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የሠራበት ጉዳይ ነው። አፈሩን አስመርምሩና በተነገራችሁ መጠን ኖራ አስገቡ፣ ከመዝራት ቢያንስ ከወር በፊት። በግምት አትበትኑ። ማዳበሪያ መጨመር ኖራን አይተካም፤ ይሄን የሚሸጥላችሁ ሰው አይነግራችሁም።

ምልክት፦ ችግኙ ቆሞ ሳለ ሲነካ ይወድቃል

ሥሩ ተበልቷል። ፍልፈል ነው። አጠገቡ ትኩስ የአፈር ክምር ካለ ጥርጥር የለውም። መርዝ አታስቀምጡ፣ የጎረቤት ውሻ ይገድላል። ወጥመድ የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ፈልጉ።

ምልክት፦ ነጭ አበባ ያለው አረም በአንድ ክረምት ሞላው

ፓርቲኒየም ነው፣ ቅንጬ አረም። ሳያብብ በጓንት ንቀሉት፣ ቆዳም ትንፋሽም ያስቆጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመንገድ ዳር ከተጫነ አፈርና ድንጋይ ጋር ነው።

ምልክት፦ ትናንት ንጹሕ የነበረ ቦታ ጠዋት ላይ ፍርስራሽ ተከምሮበታል

ባዶና የተመነጠረ መሬት ያየ ገልባጭ መኪና ሌሊት ይደፋበታል። ብሎኬት፣ ኮንክሪት፣ አንዳንዴ የሰው ቤት ሴራሚክ። አጥር እስክታጥሩ መግቢያው ላይ መኪና የማያሳልፍ ቦይ ቆፍሩ። ከባህር ዛፉ ጉቶም ትልልቆቹን እዚያው አስደርድሩ።