ፕላዝማው ጣሪያ ሲመታ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቶካማክ የለንም፤ ፕላዝማን (እጅግ የጋለና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ) በማግኔት የሚይዘው ማሽን ማለቴ ነው። ላፕቶፕና ሲሙሌሽን ነው ያለን። የተማሪዎቼ ፕላዝማ ግን ሲሙሌሽኑ ውስጥ በየጊዜው የማሽኑን ጣሪያ ይመታል፤ ማታ ማታ ስልኬ ይጮኻል። ልጻፈውና ልረፍ።

ችግሩ፦ ፕላዝማው ክብ ሳለ ሁሉም ሰላም ነው። ወደ እንቁላል ቅርጽ ስታረዝሙት ግን ጥቂት ሚሊሰከንድ ይቆይና ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይሮጣል።

መንስኤው፦ የሚያረዝሙት ከላይና ከታች ያሉት ኮይሎች (የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅልሎች) ናቸው። ከረንታቸው ከፕላዝማው ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ይስቡታል። እኩል ከሳቡት መሃል ይቆማል። አንድ ሚሊሜትር ከፍ ካለ ግን ለላይኛው ይቀርባል፤ የላይኛውም ይብስ ይስበዋል። ጣርማበር አፋፍ ላይ ኳስ እንደማስቀመጥ ነው፤ ትንሽ ከነካችሁት ደብረ ሲና ወርዳችሁ ፈልጉት። ፕላዝማው ሲንቀሳቀስ የማሽኑ ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ከረንት ሩጫውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። የሚያስቆመው ፊድባኩ ነው፤ የፕላዝማውን ከፍታ እየለካ የኮይሎቹን ከረንት የሚያስተካክለው።

ፊድባኩስ ለምን ይከዳል? እኔ ጋ የሚመጣው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የፕላስና የማይነስ ምልክት ተገልብጧል። ፕላዝማው ሲወጣ የላይኛው ከረንት መቀነስ፣ የታችኛው መጨመር አለበት። ከተገለበጠ እናንተው ትገፉታላችሁ።

አንዱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ጌይኑን አስር እጥፍ ጨመርኩት፣ ባሰበት!» ጌይን ማለት ፊድባኩ ምን ያህል በርትቶ እንደሚያርም ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ «ምልክቱን አይተሃል?» አልኩት። «አይቻለሁ።» አላየም! ኮዱን ከቴሌግራም ነው ያወረደው፤ እዚያ ኮድ ላይ ከፍታ የሚቆጠረው ወደ ታች ነው። አንዲት ማይነስ ጨመርን፤ ፕላዝማው ቀጥ አለ።

መፍትሄው፦ ፊድባኩን አጥፉ። ፕላዝማውን ሁለት ሚሊሜትር ከፍ አድርጉት። ፊድባኩን ለአንድ እርምጃ ብቻ ክፈቱና ከረንቱን እዩ። የላይኛው ከጨመረ ምልክቱን ገልብጡ። እስከዚያ ጌይን አትንኩ። አትንኩ አልኩ!

ምልክቱ ልክ ሆኖ ላይ ታች እያለ መወዛወዙ ከጨመረ፣ የከፍታው ልኬት ለፊድባኩ ዘግይቶ መድረሱ ነው።

ፕላዝማው በማይክሮሰከንድ ከጠፋ ግድግዳውን እዩ፤ የሚያዘገየው ከረንት የለም ማለት ነው። የመዳብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 1.7 ሲባዛ በ10 ማይነስ 8 ኦም ሜትር ነው። አንዷ የ8ቱን ማይነስ ረስታ ግድግዳውን እንጨት አደረገችው።

«ኤአይ ያስተካክለዋል» የሚለኝም አለ። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 2022 ስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው ቲሲቪ የተባለ ቶካማክ ላይ ኤአይ 19 ኮይሎችን ባንድ ላይ እንዳዘዘ ታትሟል። የሰለጠነው ግን ሲሙሌተር ላይ ነው። የእናንተን የተገለበጠ ሲሙሌተር ብትሰጡት ግልብጡን ነው የሚማረው።