ከቤተሰብ የወረስነውን የድሮ ስፒከር እንዴት እንለየው፣ እንዴትስ እንያዘው

ደሴ የድሮ ሰው ሳሎን ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ጥግና ጥግ ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ ከላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። እኛም ቤት እንደዛ ነበር፣ አባባ ሲያርፉ ለኔ ደረሰኝ። እኔም በጉጉት የዛኑ ቀን ሰክቼ ድምፁን ለቀቅኩት፣ አንደኛው ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ይንኮሻኮሽ ጀመር፣ በሳምንቱ ጭራሽ ዝም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ነገር፣ አትሰኩት።

ጀርባውን አዙሩና የተለጠፈውን አንብቡ። ሞዴሉ፣ ዋቱ፣ ኦሙ (የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ምልክት ጋ ያለው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 4 ወይ 8) እዛ ላይ ነው። ጽሑፉ ከለቀቀ ፊቱን እዩ፣ የእንጨት ጥልፍ ያለው ከሆነ የ1960ዎቹና 70ዎቹ ሳንሱይ ሊሆን ይችላል፣ ዉፈሩ ነጭ የሆነ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ደግሞ በ1978 የወጣው ያማሃ ኤንኤስ-10 ሊሆን ስለሚችል ለቆራሌው እንዳትሰጡት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

አሁን ዋናው። የፊቱን ጨርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱና የዉፈሩን ዳር ዙሪያውን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ጎማ ወይ ጨርቅ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ስፖንጅ ከሆነ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ራሱ ይበሰብሳል፣ ባትነኩትም፣ ተዘግቶበት ቢቀመጥም። ስፖንጁ ሲቀደድ ወረቀቱ (የሚርገበገበው የዉፈሩ ፊት) መሀሉን ይስታል፣ ከኋላ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየፋቀ ይቃጠላል፣ የኔ የሞተው እንደዛ ነው። ዳሩ ብቻ ይቀየራል፣ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀይሩ፣ ሠሪውንም በሱፐር ግሉ እንዳይለጥፈው ንገሩት፣ ድርቅ ይላል፣ ነጭ ኮላ ይሻላል።

ዳሩ ደህና ከሆነ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ውሰዱ፣ ፖዘቲቩን ቀዩ ጋ፣ ኔጋቲቩን ጥቁሩ ጋ ለቅጽበት ነካ። ቋ ብሎ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ጤነኛ ነው (የድሮ ጄቢኤል ወደ ውስጥ ይገባል፣ አትደንግጡ)። ዝም ካለ ዉፈሩን በካቻቢቴ ፈታችሁ ገመዱን ንቀሉና በቴስተር ለኩ፣ ባለ 8 ኦሙ ከ5 ተኩል እስከ 7 አካባቢ ያነባል፣ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

ስትሰኩት ደግሞ ቀይ ከቀይ ጥቁር ከጥቁር፣ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ) የሚያቃጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አምፕሊፋየር ሳይሆን ትንሹን እስከ ጥግ መክፈት ነው፣ በተለይ ለሰርግ ሲዋሱት (ባታውሱት ይሻላል)። ለመፈተሽ አምባሰል ወይ ባቲ በማሲንቆ የተጫወተ ክፈቱ፣ የጭራው ፍትጊያ ጥርት ብሎ ካልተሰማ ትዊተሩ ወይ ከጀርባው ያለው ካፓሲተር (ቤዙ ትዊተሩ ጋ እንዳይደርስ የሚያግደው ትንሽ ዕቃ) ደክሟል።

አያያዙ ቀላል ነው። ወረቀቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ውሃ አይነካውም። ደሴ ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ከግድግዳውና ከወለሉ ትንሽ አርቁት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ከመስኮት ፀሐይ። አይጥ ወረቀቱን ይወደዋል። ቡና ሲፈላ እጣኑ ፊቱ ላይ አይጭስ። ዳንቴሉ ይሁን ግድ የለም፣ የአበባ ውሃው ግን የሳጥኑን ቆዳ አንዴ ካነሳው አይመለስም፣ እናቴን ይሄን ለማሳመን ወር ሙሉ ፈጅቶብኛል።