ሐይቅ ዳር ኮርሞራንትን እንዴት እንለያለን?

ኮርሞራንት ጠልቆ ዓሣ የሚይዝ ወፍ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ወፍ ተብሎ ይታወቃል። እሱን ለማየት ግን ባሕር ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ በአገራችን ሐይቆችም ይኖራል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚቀርበው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ውሃ ነው። ከደሴ በሚኒባስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ባይናኩላር፣ ማለትም የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ያዙ። 8 እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል። 10 እጥፉን አልመክርም፤ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል። በስልክ ዙም አትመኩ።

ፀሐይዋን አስቡ። ውሃው ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት በከተማው በኩል ከቆማችሁ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣባችኋል፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት።

አስቸጋሪው ነገር መለየቱ ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ፤ ትልቁ ኮርሞራንትና ጅራተ ረጅሙ ትንሹ። ጀማሪ ሁሉ በቀለም ሊለያቸው ይሞክራል። የትልቁ ጉሮሮና ደረት ነጭ ነው፣ ትንሹ ጥቁር ነው ይባላል። ለአዋቂዎቹ ልክ ነው። ያልጎለመሰው ትንሹ ግን እሱም ደረቱና ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቀለሙን ለጊዜው ተዉትና ቅርጹን ያዙ። መጀመሪያ ጅራቱን እዩ። ትንሹ ጉቶ ላይ ሲያርፍ ጅራቱ ረዘም ብሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ የትልቁ ከሰውነቱ አንጻር አጭር ነው። ቀጥሎ ምንቃሩን። የትልቁ ወፍራምና ረጅም፣ የትንሹ አጭር ነው። የሁለቱም ጫፍ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ምንቃሩ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ አንገቱም ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ያ ዳርተር የሚባል ሌላ ወፍ ነው። ትልቁ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ትንሹ 55 ገደማ ይሆናል። ውሃ ላይ ብቻውን ያለ ወፍ ግን መጠኑ ያታልላል። አጠገቡ ዝይ ካለች አወዳድሩ፤ ትልቁ ይበልጣታል፣ ትንሹ ያንሳታል።

ይህን ሁሉ ለማየት ጥሩው ጊዜ ክንፉን ዘርግቶ ሲቆም ነው። ላባው ውሃ ስለሚገባው ለመጥለቅ ይመቸዋል፤ ከወጣ በኋላ ግን መድረቅ አለበት። ያኔ ረጋ ብሎ ይቆምላችኋል።

ሲጠልቅ የጠለቀበት ቦታ ላይ አታፍጥጡ፤ የሚወጣው ሌላ ቦታ ነው። ባይናኩላሩን አውርዱና ሰፋ አድርጋችሁ በዓይናችሁ ቃኙ። ዓሣ ይዞ ብቅ ካለ ባይናኩላሩን ቶሎ አንሱ። ዓሣውን ወርወር አድርጎ ያዞረውና በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል። በሌላ በኩል ቢውጠው እሾሁ ጉሮሮውን ይይዘዋል። ይህን ሳታዩ ባትመለሱ ደስ ይለኛል።

አንድ አደራ። ዛፍ ላይ ሰብሰብ ብለው ጎጆ የሠሩ ካያችሁ በጀልባ አትጠጉ። ቀዛፊው ደስ ሊያሰኛችሁ ብሎ ሊጠጋ ይችላል፤ "ወንድሜ፣ እዚህ ይበቃናል" በሉት። ወላጆቹ ደንግጠው ከተነሱ እንቁላሉና ጫጩቱ ለፀሐይና ለአሞራ ይጋለጣል። ወፎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እናንተ ማየት ከጀመሩ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።