ኮምፒውተር ለሚጀምሩ አዛውንቶች፦ ችግሩ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ኮምፒውተር ጀምረው ቶሎ ሲተዉት፣ ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም»። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ያልተስማማቸው ዕቃው ነው። ወይም ዕቃው ደህና ሆኖ፣ ያዘጋጀላቸው ልጅ ለራሱ ዓይንና ለራሱ እጅ አስተካክሎት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመድገማችሁ በፊት ማሽኑን ፈትሹ። ቅሬታዎቹን ራሳቸው እንደሚናገሯቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

«ጽሑፉ አይታየኝም»

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስክሪን ላይ የታጨቀ ከፍተኛ ሬዞሉሽን (ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ብዛት) ነው። ምስሉ ይጠራል፣ ፊደሉ ግን ያንሳል። ብዙ ሰው ሬዞሉሽኑን ዝቅ ያደርጋል። እንደዚያ አታድርጉ፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ግቡና ስኬል የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ አድርጉት። ሁሉም ነገር ሳይደበዝዝ ያድጋል። ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ይበቃል። በኮንትሮልና በዜሮ ወደነበረበት ይመለሳል።

ገና ካልገዛችሁ፣ 27 ኢንች ሆኖ ሬዞሉሽኑ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ፈልጉ። ወጣቶች «ፊደሉ ይሻክራል» ብለው ይንቁታል። እዚህ ግን የምንፈልገው ትልቅ ፊደል ነው።

«አንገቴን ያመኛል»

ይሄን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ባለ ሁለት እይታ መነጽር የሚያደርግ ሰው ቅርብ ነገር የሚያነበው በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ነው። ስክሪኑ ከዓይን ትክክል ከተቀመጠ፣ ለማንበብ አገጭን ቀና ማድረግ ግድ ይላል። እንደዚያ ሆኖ አንድ ሰዓት መቀመጥ አንገት ያደርቃል።

«የስክሪኑ አናት ከዓይን እኩል ይሁን» የሚለው የተለመደ ምክር ለእነሱ አይሠራም። ስክሪኑን ዝቅ አድርጉት፣ ትንሽም ወደ ኋላ አዘንብሉት። ካልበቃ፣ የዓይን ባለሙያው ለስክሪን ርቀት የሚሆን መነጽር እንዲያዝላቸው ጠይቁ። የንባብ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስክሪን ግን የክንድ ርዝመት ያህል ይርቃል።

«ሁለቴ እጫናለሁ፣ አይከፈትም»

በጣም ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ይሄ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ክሊኮች እንደ አንድ ትእዛዝ የሚቆጥረው በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ከተከታተሉ ነው። እጅ ዘገየት ካለ፣ ወይም በመሃል ቀስቷ ከተንቀሳቀሰች አይከፍትም። አንዳንዴ ፋይሉ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይገባና «ጠፋ» ይባላል።

የማውስ ሴቲንግ ውስጥ የድርብ ክሊክ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት። ከዚያ የሚሻለው ግን ድርብ ክሊክን ጭራሽ ማስቀረት ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ኦፕሽንስ ውስጥ በአንድ ክሊክ ይከፈት የሚል ምርጫ አለ። ይሄን በመጀመሪያው ቀን አስተካክሉት።

ላፕቶፕ ከሆነ ገመድ ያለው፣ እጅ የሚሞላ ማውስ ሰኩና ታችፓዱን (ከኪቦርዱ በታች ያለውን በጣት የሚነካ ሰሌዳ) አጥፉት። ሲጽፉ መዳፋቸው ታችፓዱን ስለሚነካ ጽሑፉ ሳያስቡት ሌላ ቦታ ይገባል። ቀስቷንም አክሰሰቢሊቲ በሚባለው ለማየትና ለመንካት ለሚቸገሩ በተዘጋጀው ሴቲንግ ውስጥ አተልቋትና ቀለም ስጧት። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትራክቦል ሞክሩ። ዕቃው ቦታው ላይ ይቆያል፤ የሚሽከረከረው ላዩ ላይ ያለው ኳስ ብቻ ነው።

«ታብሌቱ ጣቴን አይቀበልም»

የንክኪ ስክሪን የሚሠራው ጣት በሚያመጣው የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። የደረቀ ቆዳ ደግሞ ይህን በደንብ አያደርስም። አዛውንቱ «አልሰማኝም» ብለው አጥብቀው ይጫናሉ። ያኔ ስክሪኑ ረጅም ንክኪ ነው ብሎ ሌላ ሜኑ ያወጣል። ጫፉ ለስላሳ የሆነ የስክሪን ብዕር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። አይፓድም አንድሮይድም አክሰሰቢሊቲ ውስጥ የንክኪውን ጊዜ ማርዘሚያ አላቸው።

የሚፈልጉት በቪዲዮ ማውራትና ፎቶ ማየት ከሆነ ታብሌት ጥሩ ምርጫ ነው። መጻፍ፣ ቅጽ መሙላት፣ ረጅም ነገር ማንበብ ከሆነ ትልቅ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ያለው ዴስክቶፕ ይሻላቸዋል። ለጀማሪ ላፕቶፕን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ስለማይለይ፣ ለዓይን ሲመቻች ለእጅ አይመችም።

«ፊደሉ ይደጋገማል»

ጣት ቁልፉ ላይ ስለሚቆይ ነው። አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ፊልተር ኪስን ክፈቱላቸው፤ ተደጋጋሚ ንክኪን ችላ ይላል። ሺፍት አምስት ጊዜ ሲነካ ብቅ የሚለውን የስቲኪ ኪስ (ቁልፎችን አብሮ ከመያዝ ይልቅ በየተራ ለመጫን የሚያስችል) መስኮት ደግሞ አጥፉት። ድንገት በሌላ ቋንቋ መጻፍ ከጀመረ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አብረው ተነክተው ነው፤ በዚያው ይመለሳል።

«ቫይረስ ገብቷል፣ በዚህ ስልክ ደውሉ ይላል»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አስረዷቸው። ያ ማስጠንቀቂያ ከኮምፒውተሩ የመጣ አይደለም። አጭበርባሪዎች የሠሩት ድረ ገጽ ነው። ከማይክሮሶፍት የሚመጣ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር የለውም። ስክሪኑን ሙሉ ከያዘው ኢስኬፕን ተጭኖ መያዝ፣ ካልሆነ አልትና ኤፍ 4። ያም ካልሠራ ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ። ብራውዘሩ መልሶ ሲከፈት «የነበረውን ልመልስ?» ካለ፣ እምቢ ማለት።

ከጥግ ብቅ ብቅ የሚሉት ማስታወቂያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን «አላው» ተብሎ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች ናቸው። የክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ለሁሉም ዝጉት። አካውንታቸውንም ስታንዳርድ አድርጉት፤ ፕሮግራም ለመጫንና ሴቲንግ ለመቀየር ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚኑ እናንተ ጋ ይሁን። ከሁሉም በላይ ቢሳሳቱ እንደማትቆጧቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚደብቁት አፍረው ነው፤ ሲደብቁ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

«ተጫንኩት፣ ዝም አለኝ»

ልጆቹ የጣሉት አሮጌ ማሽን ሲሰጣቸው የሚመጣ ነው። መልስ ሲዘገይ ያልተጫኑ ይመስላቸውና ደጋግመው ይጫናሉ፤ በኋላ አምስት መስኮት አንዴ ይዘረገፋል። ሃርድ ዲስኩን ከእሱ በጣም በሚፈጥነው ኤስኤስዲ መተካትና ራሙን (የሥራ ማኅደረ ትውስታውን) 8 ጊጋ ማድረስ ብዙ ማሽን ያነቃል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነና ሥራቸው ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ወይም ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የሚባሉትን ነጻ ሲስተሞች ጫኑበት።

«ትናንት እዚህ ነበር»

አይከኑ ተጎትቶ ነው። ዴስክቶፑ ላይ አይከኖቹን በራሱ የሚደረድረውን አውቶ አሬንጅን አብሩ። የሚጠቀሙባቸውን ሦስት አራት ነገሮች ብቻ ትታችሁ የቀረውን አንሱ።

ደውለው ሲጠይቋችሁ

በስልክ «ምን ይታይዎታል?» እያሉ መርዳት ሁለቱንም ወገን ያደክማል። ስለዚህ እናንተ በምታውቁት ዓይነት ሲስተም አስጀምሯቸው። ሁለታችሁም ዊንዶውስ ከሆናችሁ ኩዊክ አሲስት የሚባለው ፕሮግራም አለ። እናንተ ኮድ ታወጣላችሁ፣ እሳቸው ያስገባሉ፣ ስክሪናቸው ይታያችኋል። ኮድ የሚያስገቡት ግን ራሳቸው ለእናንተ ሲደውሉ ብቻ ይሁን። ሌላ ሰው ደውሎ «ኮድ ልስጥዎት» ካለ፣ ስልኩን ይዝጉ።