የጓሮ ወይን አገራረዝ፦ ፍሬው ሰኔ ሳይገባ እንዲደርስ

ዳሱን ያለበሰ፣ ግንዱ የወፈረ ወይን ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው ከእፍኝ ካልበለጠ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ገረዛ ነው። ወይን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ካደገው ቅርንጫፍ አይን በሚወጣ አዲስ ቡቃያ ላይ ነው። ካልተገረዘ ይህ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ከግንዱ እየራቀ ጥላ ብቻ ያበዛል።

በረዶ በሚጥልበት አገር ወይን ራሱ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ብርድ ግን ለዚህ ስለማይበቃ አዲሱን ዙር የሚያስጀምረው መቀስ ነው። ከገረዛ እስከ ብስለት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከአራት ወር ተኩል እስከ ስድስት ወር ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሰኔ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የበሰለ ዘለላ ላይ ዝናብ ከወረደ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። አቃቂ፣ ገላንና ዱከም በኩል ጥቅምት አጋማሽ ጥሩ ነው። ሱሉልታና ሆለታ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ቡቃያ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፤ እዚያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይታገሱ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ዘለላ ዝናብ ቢነካውም።

ከገረዛው ሦስት ሳምንት በፊት ውሃ ያቁሙ፤ የቀረውን ቅጠል በእጅ ያራግፉ። መቀሱን ስለው በአልኮል ይጥረጉ። አሮጌው እንጨት ጠቆር ያለ፣ ልጣጩ እንደ ክር የሚላጥ ነው። ያለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ደግሞ ለስላሳ፣ ፈካ ያለ ቡናማ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያክል ሲሆን፣ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው። የሚፈልጉት እሱን ነው። ከመነሻው ሁለት አይን አስቀርተው፣ ከላይኛው አይን አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ። በዋናው ክንድ ላይ በየስንዝሩ አንድ እንዲህ ያለ ጉማጅ ይበቃል፤ ሌላው ቅርንጫፍ ከመነሻው ተቆርጦ ይወገድ። ሲጨርሱ ዳሱ ራቁቱን ይቀራል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ከቁርጡ ለቀናት ጥርት ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ አይደንግጡ፣ አይጠቅልሉትም፤ በራሱ ይቆማል።

አንዳንድ ዝርያ፣ በተለይ አንዳንዱ ዘር አልባ ወይን፣ የታችኞቹ አይኖቹ አያፈሩም። በሁለት አይን ገርዘውት ቅጠል ብቻ ካወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከ8 እስከ 12 አይን ያላቸው አራት ቅርንጫፎች ይተዉለትና በዳሱ ሽቦ ላይ አጋድመው በገመድ ይሰሯቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ በአብዛኛው ጫፉ ላይ ያቆጠቁጣል።

ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ደካማውንና ከግንዱ የወጣውን ይንቀሉ። በአንድ ቡቃያ አንድ ዘለላ ይተዉ፤ ስስት እዚህ ላይ ፍሬውን ያኮመጥጠዋል። ዘለላውን የሸፈኑ ጥቂት ቅጠሎችንም ያንሱ፣ አየር ይግባው።

በበጋ በየ7 እስከ 10 ቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ (40 ሊትር) ቀስ ብሎ ይግባለት፤ ጥቁር አፈር ላይ አፈሩን ጣት አስገብተው ዳስሰው የማጠጫውን ቀን ያራዝሙት። ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ይቀንሱ። ከገረዛ በኋላ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ርቀው አንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ ያልብሱ። ዩሪያ ማብዛት ቅጠል እንጂ ፍሬ አያመጣም።

ቅጠሉ ላይ አመድ የተነሰነሰ ከመሰለ በድኝ ይረጩ፣ ግን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፤ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል። ከላይ ቢጫ፣ ዘይት የነካው የሚመስል ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ከታየ ሌላ በሽታ ነው፤ ዝናብ የሚያመጣው ነውና ድኝ አይበግረውም። ለዚህ መዳብ ያለበት መድኃኒት፣ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው፣ ከዝናቡ በፊት ይረጫል።

ለወፍ አሮጌ አጎበር ይበቃል፤ ኬሚካል የተነከረ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ። ወይን ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፤ ስለዚህ ቀለሙን አይመኑ፣ ከዘለላው ጫፍ አንድ ፍሬ ይቅመሱ፣ ዘሩም ቡናማ መሆኑን ይዩ።